መጽሐፍ ቅዱስ የሚተረጐመው ቃል በቃል ነው ወይስ በምሳሌ? መለያው ምንድን ነው?

ማኅቶት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንዳንዱ «እንደ ተጻፈው ተቀበል» ይላል፤ ሌላው «ከንባቡ ጀርባ ያለውን ምሥጢር ፈልግ» ይላል። ሁለቱም ግን በያዙት መንገድ እስከ መጨረሻው ሲሄዱ አላይም። እንደ ተጻፈው የሚለው ሰው ማቴዎስ 5፥29 ላይ ሲደርስ ዓይኑን አያወጣም። ሁሉን በምሳሌ የሚፈታውም ትንሣኤው ላይ ሲደርስ «እሱስ በእርግጥ የሆነ ነው» ብሎ ይቆማል። እኔን የቸገረኝ መሐል ላይ ያለው ነው። ሉቃስ 14፥26 አባቱንና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ይላል። የዘፍጥረት 1 ስድስት ቀናት አሉ። የራእይ 20 ሺህ ዓመት አለ። ደስ ያለኝን ቃል በቃል፣ የከበደኝን ምሳሌ እያልኩ እንዳልሄድ፣ ከጥቅሱ ከራሱ የሚነሣ መለያ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

ዐውድ_ይቅደም፦

ወንድም ማኅቶት፣ ነገሩን ያወሳሰበው «ቃል በቃል» የሚለው አነጋገር ሁለት ፍቺ መያዙ ነው። አንደኛው ቃሉን ከዐውዱ ነጥሎ በተለመደ ፍቺው ብቻ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ጸሐፊው በዚያ ቃል ሊል ያሰበውን መውሰድ ነው። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን መምህር ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ሲያስረዳ «የእግዚአብሔር ክንድ» የሚለውን አነሣ። የዚህ አነጋገር ጥሬ ትርጉሙ ራሱ የእግዚአብሔር ኃይል ነው እንጂ ሥጋዊ ክንድ አይደለም አለ። ዘይቤው ከንባቡ ውጭ የሚፈለግ ሳይሆን ንባቡ ራሱ የሚናገርበት መንገድ ነው ማለቱ ነው።

በቋንቋችንም የምናውቀው ነው። «ሆዴ ባባ» ያለህን ሰው ሐኪም ዘንድ አትወስደውም፤ ዋሸኝም አትልም። ዘጸአት 34፥6 ላይ እግዚአብሔር «ታጋሽ» የተባለበት የዕብራይስጥ አነጋገር አንድ በአንድ ሲገለበጥ «አፍንጫው የረዘመ» ነው፤ እኛ ታጋሹን ሰው «ሆደ ሰፊ» እንደምንለው ማለት ነው። ቃል በቃል ሲባል እንዲህ ከሆነ፣ በእጃችን ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ራሱ ገና ከትርጉሙ ቃል በቃል አልሆነም።

መለያ ጠይቀሃል። ከሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚታየው መሳፍንት 4 እና 5 ላይ ነው፤ ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ዘርግተህ እንድታያቸው እመክርሃለሁ። አንድ ጦርነት ሁለት ጊዜ ተነግሯል። ምዕራፍ 4 ታሪክ ነው፦ የከነዓናውያን ጦር አለቃ የሲሣራ 900 የብረት ሠረገሎች፣ የቂሶን ወንዝ፣ የእስራኤላዊው የባርቅ ሠራዊት፣ ሲሣራ ደክሞት እንቅልፍ ሲወስደው ኢያዔል የድንኳን ካስማ በጆሮ ግንዱ ላይ ስትቸነክር። ምዕራፍ 5 ያንኑ ድል በቅኔ ይዘምራል። እዚያ ከዋክብት ከሰማይ ሆነው ሲሣራን ይዋጋሉ። በምዕራፍ 4 ተኝቶ የሞተው ሲሣራ በቅኔው በእግሮቿ አጠገብ ይደፋል፣ ይወድቃል። መዝሙሩን እንደ ዘገባ ካነበብክ ሁለቱ ምዕራፎች ይጋጩብሃል፤ ታሪኩን እንደ መዝሙር ካነበብክ ደግሞ ሲሣራ የሚባል ሰው ከነጭራሹ ይጠፋል። ነቢይቱ ዲቦራ ስትዘምር ከዋክብት መሣሪያ ታጥቀዋል እያለች አይደለም፤ ውጊያው የሰው ብቻ አልነበረም፣ ሰማይም ገብቶበታል እያለች ነው። ይህ ደግሞ ምዕራፍ 4፥15 ላይ እግዚአብሔር ሲሣራን አስደነገጠ ከሚለው ጋር ይገጥማል። ዘጸአት 14 እና 15ም እንዲሁ ናቸው፤ በ14፥21 ሌሊቱን ሁሉ የነፈሰው የምሥራቅ ነፋስ በመዝሙሩ፣ በ15፥8፣ የእግዚአብሔር የአፍንጫው እስትንፋስ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ክፍል ሲያስቸግርህ መጀመሪያ ጥቅሱን ተወውና ምዕራፉን ሙሉ አንብብ፤ ማን ለማን እየተናገረ ነው? ቀጥሎ የጽሑፉን ዓይነት ለይ፦ ታሪክ፣ ሕግ፣ መዝሙር፣ ምሳሌያዊ ንግግር፣ ደብዳቤ ወይስ ራእይ? ከዚያ ጽሑፉ ራሱን ፈትቶ እንደ ሆነ ተመልከት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዳንኤል 7፥17 አራቱ አራዊት አራት ነገሥታት መሆናቸውን ይናገራል፤ ራእይ 1፥20 ሰባቱ መቅረዞች ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው ይላል። ፍቺው ተጽፎ ሳለ ሌላ ፍቺ መፈለግ ድካም ነው። በመጨረሻ ያው ቃል ወይም አነጋገር ሌላ ቦታ እንዴት እንደ ገባ በቃላት ማውጫ ፈልግ።

ሉቃስ 14፥26ን የሚፈታው ይህ የመጨረሻው ነው። ዘፍጥረት 29፥30 ያዕቆብ ራሔልን ከልያ አብልጦ ወደደ ይላል። ወዲያው ቁጥር 31 ያንኑ ነገር «ልያ እንደ ተጠላች» ብሎ ይጠራዋል። ዘዳግም 21፥15 ላይ «የተወደደች» እና «የተጠላች» ሚስቶች ሲል ሕጉ የሚናገረው ስለዚሁ ማበላለጥ ነው። በዕብራይስጥ አነጋገር ሁለት ነገሮች ሲነጻጸሩ ያነሰው «ተጠላ» ይባላል። ማቴዎስ 10፥37 የጌታን ንግግር «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ» ብሎ ማስቀመጡ ይህን ያጸናል። አነጋገሩ ስለ ተፈታ ግን ትእዛዙ እንዳልቀለለ ልብ በል። አባትና ልጅ እንኳ ሁለተኛ እንዲሆኑ ይጠይቃል።

ሰምና_ወርቅ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን ጥያቄው «ወይስ» በሚለው ቃል ባይታጠር እወዳለሁ። አባቶች ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን አልመረጡም። በመካከለኛው ዘመን አንዱን ቃል በአራት መንገድ ያዩት ነበር፤ የታወቀው ምሳሌ ከጥንቱ መነኵሴ ከዮሐንስ ካሲያን የተወረሰው «ኢየሩሳሌም» ነው። በታሪክ የአይሁድ ከተማ ናት፤ በምሥጢር ቤተ ክርስቲያን፤ በምግባር የሰው ነፍስ፤ በተስፋ ሰማያዊቱ ከተማ። ሦስቱ የቆሙት በመጀመሪያው ላይ ነው። ከተማይቱ ባትኖር ምሳሌነቷ ከየት ይመጣ ነበር?

ክርክሩም አዲስ አይደለም። የእስክንድርያው ኦሪጀን ጥሬው ንባብ የማይሆን የሚመስልባቸው ቦታዎች አንባቢውን ወደ ላቀው ፍቺ ለመምራት ሆን ተብሎ እንደ ተቀመጡ ያስተምር ነበር። የአንጾኪያ መምህራን፣ እነ ቴዎድሮስ ዘሞፕሱስትያ፣ ይህ ታሪኩን ያሟሟዋል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ለቃል በቃልነት ገላትያ 4ን ማለፍ ግን ለአንጾኪያም ቀላል አልነበረም። ጳውሎስ ራሱ የአጋርንና የሣራን ታሪክ ወስዶ «ይህም ነገር ምሳሌ ነው» ብሎ ሁለት ኪዳኖች ያደርጋቸዋል። እነርሱም የመለሱት ጳውሎስ ታሪኩን አልካደም፤ በሆነው ነገር ላይ ምሳሌን አነጸ እንጂ ብለው ነው። በእኔ አመለካከት መልሳቸው ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ሲምታቱ ነው። «እኔ በሩ ነኝ» (ዮሐንስ 10፥9) ዘይቤ ነው፤ በር የተባለ ቁስ የለም። በዘኍልቍ 21 የተሰቀለው የናስ እባብ ግን ጥላ ወይም አምሳል ነው። እባቡ ነበረ፣ የተነደፉት አዩት፣ ዳኑ፤ ዮሐንስ 3፥14 ያንን የሆነ ነገር ለሚመጣው ምሳሌ ያደርገዋል። «ምሳሌ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለቱንም ስለሚሸፍን፣ አንዱ «ምሳሌ ነው» ሲል ሌላው «አልሆነም ማለትህ ነው?» ብሎ ይቆጣል።

በእኛው የአንድምታ ትርጓሜም አካሄዱ ይኸው ነው። መምህሩ ከንባቡ ይነሣል፣ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍቺ በላዩ ይደርባል፤ ታሪክና ሐተታም ይጨምርበታል። የሚቀጥለው «አንድም» የፊተኛውን አይሽረውም። ንባቡን ሳይዙ አንድምታ የለም።

ጥሬ_ንባብ፦

እኔ ግን ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነውና። «በላዩ መደረብ» ሲባል ያምራል፤ ልጓም ከሌለው ግን ጽሑፉ ዝም ይልና ተርጓሚው ብቻ ይናገራል። ደጉን ሳምራዊ እንውሰድ (ሉቃስ 10፥30-37)። አውግስጢኖስ ሲፈታው ተደብዳቢው አዳም፣ ወንበዴዎቹ ዲያብሎስና መላእክቱ፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን፣ የማረፊያው ጠባቂ ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ናቸው። አውግስጢኖስን አከብረዋለሁ፤ ግን ጌታ ምሳሌውን ሲናገር ጳውሎስ ገና አላመነም ነበር። «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ጌታን የጠየቀው ሕግ ዐዋቂ ሊሰማው ይችል የነበረ ፍቺ አይደለም። ጌታ ራሱ በቁጥር 36 «ባልንጀራ የሆነው ማን ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀ፤ በ37 ደግሞ «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» አለ። ምሳሌው የት እንደሚደርስ የተናጋሪው ቃል ተጽፏል። የአውግስጢኖስ ፍቺ ስህተቱ ክርስቶስን ማክበሩ አይደለም፤ ሕግ ዐዋቂውን ያፋጠጠውን ጥያቄ ወደ ሥዕል መቀየሩ ነው። ሥዕል ሲሆን መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ማንሣት ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል፤ የከበደንን ቃል ለማቅለል ምሳሌ ማለት። የግመሉና የመርፌ ቀዳዳው ቃል (ማቴዎስ 19፥24) ሲሰበክ «በኢየሩሳሌም የመርፌ ቀዳዳ የሚባል ትንሽ በር ነበር፤ ግመል ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ያልፍበት ነበር» ይባላል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዲህ የሚባል በር እንደ ነበረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ማስረጃ ቢኖር እንኳ ጥቅሱ ራሱ ያፈርሰዋል። በቁጥር 25 ደቀ መዛሙርቱ እጅግ ተገርመው «እንግዲያ ማን ሊድን ይችላል?» አሉ። ጌታ በ26 ይህ በሰው ዘንድ አይቻልም አለ። ተንበርክኮ ማለፍ የሚቻል ከሆነ በሰው ዘንድ ይቻላል፤ መገረማቸውም ምክንያት ያጣል። ቃሉ ግነት ነው፤ የሚገነውም አለመቻልን ነው።

ከዚህ የሚወጣው መመዘኛ ይህ ነው፦ «ይህ ዘይቤ ነው» ስትል ዘይቤው የሚናገረውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር መቻል አለብህ፤ ከፈታኸውም በኋላ ቃሉ ቢያንስ እንደ ቀድሞው ሊከብድ ይገባል። ፍቺህ ጥቅሱን ምንም የማይጠይቅ ካደረገው አልፈታኸውም፤ አስወግደኸዋል። ማቴዎስ 5፥29 ዓይን እንዲወጣ አያዝዝም፤ ዓይን የሌለውም ሊመኝ ይችላልና፣ ቁጥር 28 ደግሞ ኃጢአቱን ልብ ውስጥ አስቀምጦታል። ግን ለኃጢአት ምክንያት የሚሆነውን፣ ዓይንን ያህል ውድ ቢሆንም፣ ዛሬውኑ ቁረጥ ይላል።

ትንሣኤን በተመለከተ ማኅቶት «ይቆማል» ያልከው ሰው ያለ ምክንያት አልቆመም። 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥3-8 ዘይቤ የሚመስል ምንም ምልክት የለውም፤ የምስክሮች ዝርዝር ነው። ኬፋ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ከ500 የሚበዙ ወንድሞች፣ ያዕቆብ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ያን ጊዜ በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። በሕይወት ያለ ምስክር ሄደህ የምትጠይቀው ነው። በቁጥር 14 ደግሞ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው ብሎ ሁሉን በዚህ ላይ አቆመው። ሉቃስ 24፥39-43 ላይ ሥጋና አጥንት አሳያቸው፤ ዓሣም በፊታቸው በላ። ጸሐፊው ዘይቤ ተብሎ እንዳይታለፍ ራሱ በሩን ሲዘጋ ማየት ከፈለግህ እዚህ ነው።

ማኅቶት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሉቃስ 14 በራልኝ። ዘፍጥረት 1 እና ራእይ 20 ግን ቀሩ። እዚያ የጽሑፉ ዓይነት ራሱ አከራካሪ ሲሆንስ?

ዐውድ_ይቅደም፦

ዘፍጥረት 1 ላይ መጀመሪያ አንድ አሳሳች ሐሳብ እናስወግድ። ቀኑን ከተራ ቀን ለይቶ ማየት ሳይንስን ሽሽት የመጣ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስልዮስ ቀኖቹን ባለ 24 ሰዓት ብሎ ሰበከ፤ በምሳሌ የሚያሟሟውን ነቅፎ ሣር ስሰማ ሣር ብዬ እረዳለሁ ይል ነበር። ብዙም ሳይቆይ አውግስጢኖስ ዘፍጥረትን «በጥሬው» እተረጕማለሁ ብሎ በጻፈው መጽሐፍ ፍጥረት ባንድ ጊዜ እንደ ተፈጠረና ቀናቱ እንደ እኛ ቀን እንዳልሆኑ አስተማረ። ሁለቱም ለጽሑፉ ታማኝ ነበሩ፤ የተለያዩት ጽሑፉ ላይ ባዩት ነገር ነው።

ጽሑፉ ላይ ያለው ደግሞ ይህ ነው። «ቀን» የሚለው ቃል በአጭር ርቀት ሦስት ፍቺ ይዟል። በ1፥5 መጀመሪያ ከጨለማ የተለየው ብርሃን ብቻ «ቀን» ተባለ፤ እዚያው ቁጥር ላይ ማታና ጥዋት አንድ ላይ «አንድ ቀን» ሆኑ፤ በ2፥4 የዕብራይስጡ ንባብ ሥራውን ሁሉ በአንድ «ቀን» ይጠቀልለዋል። ፀሐይ በአራተኛው ቀን ናት፤ ማታና ጥዋት ግን ከመጀመሪያው ቀን አሉ። አደራደሩም ታስቦበታል፦ በ1ኛው ቀን ብርሃን፣ በ4ኛው ብርሃናት፤ በ2ኛው ሰማይና ውኃ፣ በ5ኛው አዕዋፍና ዓሦች፤ በ3ኛው ምድር፣ በ6ኛው በምድር ላይ የሚኖሩ። በሌላ ወገን ደግሞ ቀኖቹ ተቈጥረዋል፣ ማታና ጥዋት አላቸው። ዘጸአት 20፥11 የሰንበትን ትእዛዝ ያቆመው በእነዚህ ስድስት ቀናት ላይ ነው። ለተራ ቀን ከሚቀርበው ማስረጃ ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ የተቃራኒው ወገን በቁም ነገር ሊመልሰው የሚገባ ነው። ክርክሩ የሚያስኬደው እነዚህን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ነው። «አንተ አታምንም» እና «አንተ አታስብም» እየተባባሉ መነጋገር ግን ጥቅሱን አለመንካት ነው።

ሰምና_ወርቅ፦

ራእይ 20ን በተመለከተ መጽሐፉ በ1፥1 ላይ ስለ አነጋገሩ ፍንጭ ይሰጣል። «አመለከተ» ተብሎ የተተረጐመው የግሪክ ቃል «ምልክት» ከሚለው ሥር የወጣ ነው። ሺህ ዓመት የሚለው ከቁጥር 2 እስከ 7 ስድስት ጊዜ ተደጋግሟል። በዚያው ክፍል ቁልፍ፣ ታላቅ ሰንሰለትና ዘንዶ አሉ፤ ዘንዶው ዲያብሎስ መሆኑን ቁጥር 2 ራሱ ይፈታል። መንፈስ በብረት ሰንሰለት አይታሰርምና ሰንሰለቱ ምልክት ከሆነ፣ በዚያው ዐረፍተ ነገር ያለውን ቁጥር ብቻ ለይቶ በጥሬው መውሰድ ማስረጃ ይጠይቃል። «ሺህ» ደግሞ ሙላትን ሲያሳይ የታወቀ ነው፤ ዘዳግም 7፥9 እስከ ሺህ ትውልድ ቃል ኪዳኑን ይጠብቃል ሲል 1001ኛው ትውልድ ይቀርበታል አይልም።

በሌላ ወገን ያለው ማስረጃም ቀላል አይደለም። በ20፥4 «ኖሩ» የተባለውና በ20፥5 ለቀሩት ሙታን የገባው በግሪኩ አንድ ግሥ ነው። የኋለኛው የሥጋ ትንሣኤ ከሆነ የፊተኛውን መንፈሳዊ ለማለት ከዐውዱ ምክንያት ማምጣት ያስፈልጋል። ዮስጢኖስ ሰማዕትና ኢሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሺውን ዓመት ወደ ፊት የሚመጣ መንግሥት አድርገው ጠበቁ። አውግስጢኖስ ግን አሁን ያለው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው አለ። እኔ ወደ አውግስጢኖስ አደላለሁ፤ የሚከብደኝም ያው ግሥ ነው።

ጥሬ_ንባብ፦

አንድ የቀረ ነገር አለ። የዮሐንስ ወንጌል ቃል በቃል መስማት የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች ሰብስቦ ያሳየናል። በ2፥19-21 ጌታ ሰውነቱን ቤተ መቅደስ ሲል አይሁድ 46 ዓመት የተሠራውን ሕንፃ አሰቡ፤ በ3፥4 ኒቆዲሞስ ስለ ዳግም መወለድ ሲሰማ ወደ እናቱ ማኅፀን መመለስን አሰበ፤ በ11፥11-14 ጌታ አልዓዛር ተኝቷል ሲል እንቅልፍ መሰላቸው። በእነዚህ ሁሉ ወይ ጌታ ወይ ወንጌላዊው ያርማል። በ6፥52 ግን አይሁድ «ይህ ሥጋውን ልንበላ ይሰጠን ዘንድ እንዴት ይችላል?» ብለው ሲከራከሩ ጌታ ቃሉን አላለዘበም፤ በ53 እስከ 56 ደሙን መጠጣትንም ጨመረበት። በ63 ደግሞ ሥጋ ምንም አይጠቅምም፣ የነገርኋችሁ ቃል መንፈስ ነው፣ ሕይወትም ነው አለ። አንዱ ወገን ቁጥር 53ን፣ ሌላው ቁጥር 63ን ይይዛል። በ1529 እ.ኤ.አ. የተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ በጀርመን ከተማ በማርቡርግ ሲገናኙ ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማምተው በቅዱስ ቁርባኑ ተለያዩ። ሉተር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን በላቲን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈው። ዝዊንግሊ ደግሞ ቁጥር 63ን ደጋግሞ ጠቀሰለት፤ «ነው» ማለት «ያመለክታል» ማለት ነው አለ። ሁለቱም ግሪክኛ ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም ዐውድን አነበቡ። ማኅቶት፣ ወደ ዮሐንስ 6 ስትሄድ ከቁጥር 22 ጀምረህ እስከ 71 ሳታቋርጥ አንብበው፤ በ66 ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎች ወደ ኋላ የተመለሱበትን ምክንያት ጽፈህ አምጣና ከዚያ እንቀጥል።